አሥራ ሁለተኛው ፉርጎ

ማክሰኞ ጠዋት አሥራ አንደኛውን ፉርጎ አንስቶ ጆሮው ሥር ሲያስጠጋው፣ ፉርጎው የሱ አልነበረም።

እንዴት የሱ አይሆንም? ሳጥኑን የከፈተው ራሱ ነው። ቁርጥራጩን አንድ በአንድ ከፕላስቲክ ፍሬሙ ላይ ቆርጦ፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ፣ ወለሉን ከግድግዳው በማጣበቂያ አጋጥሞ፣ ክብደት እንዲኖረው ሆዱ ውስጥ ሁለት ብሎን ለጥፎ የሠራው ራሱ ነው። ግን ትናንት ሲተወው የኋላ ጎማው በጥፍር ሲመታ «ክርር» ብሎ ቀጥ ይል ነበር። ዛሬ ሲመታው «ዝዝዝ» እያለ ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረ፤ ሊቆምም አልፈለገ።

«ወይ ጉድ!» አለ ለራሱ። «ተኝቶ ሲነሣ የሚሻለው ፉርጎ መጣ ደግሞ?»

«ጆሮ» ነው የሚሉት፣ ከድሮ ጀምሮ። ሠላሳ አራት ዓመት የባቡር ጎማ መርማሪ ነበር። ባቡሩ ጣቢያ ሲገባ እጀታው የረዘመ መዶሻ ይዞ ከፉርጎ ፉርጎ እየሄደ እያንዳንዱን የብረት ጎማ «ቃ!» ያደርገዋል። ጤነኛ ጎማ እንደ ደወል ይጮኻል። የተሰነጠቀው ግን ድምፁ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ታፍኖ ይወጣል። ጤነኛውን ያሳልፋል፤ በታመመው ላይ በጠመኔ ትልቅ መስቀል ያሰምርበታል፤ ያ ፉርጎ ከመስመር ወጥቶ ጥገና ይገባል። አለቀ። እንግዲህ ሰውየው ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ደመወዝ የተከፈለው ለመጠርጠር ነው። እንዲህ ያለ ሰው ጡረታ ወጣ ተብሎ ጥርጣሬውም አብሮት አይወጣም። ዳቦ ሲገዛ እንኳን የዳቦውን ሆድ በጣቱ ቆርቁሮ አዳምጦ ነው የሚከፍለው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የምትለዋን ተረት በቀን ሦስቴ ካልተረታት ምሳው አይወርድለትም።

በጆሮው ሲመካ ዓይኑን ጠርጥሮት አያውቅም። ዓይን ደግሞ ካልጠረጠሩት ዝም ብሎ ነው የሚከዳው፤ እንደ ጎማ አይጮኽም።

ባለቤቱ የሞተች ጊዜ ስምንት ወር ግድግዳ ሲያይ ከረመ። ቀልዴን አይደለም። ጠዋት ይነሣል፣ ወንበሩን ወደ ነጩ ግድግዳ ያዞራል፣ እስኪመሽ ያንን ያያል። ሴት ልጁ ወደ ሥራ ስትሄድ እንደተወችው ስትመለስ ታገኘዋለች፤ ያቀረበችለት ምግብ ሳይነካ ደርቆ። ሐኪም አየው፤ «ምንም የለበትም» አለ። ምንም የለበትም! ከዚያ ግድግዳ ያስመለሰው ሰዓት ሠሪው ነው። የልጅነት ጓደኛው ነው፤ ጥግ ላይ ባለች አንድ ሰው በምታስጨንቅ ሱቅ ሰዓት የሚጠግን፣ ብዙ የማይናገር ሰው። አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከጫማ ሳጥን የምታንስ ካርቶን ይዞ መጣና ጠረጴዛው ላይ ዘረገፋት።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ፉርጎ ነው። ስልሳ ሦስት ቁራጭ ሆኖ መጣ እንጂ።»

«ጎማውስ የታለ?»

«እኔ ምን አውቄ፤ ፈልገው።»

ጆሮ ጎማውን ሊፈልግ ፊቱን አዞረ። በስምንት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጠ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሆነ። ሰዓት ሠሪው ሐሙስ ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ ብስኩት ይዞ ይመጣል፤ አንዱ ይገጥማል፣ አንዱ ቀለም ይቀባል፣ እስኪመሽ ይነታረካሉ። ጆሮ ልቡን የጣለው አንድ ባቡር ላይ ነው፤ አሥራ ሁለት ፉርጎ የሚጎትት የጭነት ባቡር፣ በሥራ ዘመኑ ሲቆረቁራቸው የኖሩትን ዓይነት። በሩ የሚንሸራተት አለ፣ ጣሪያ የሌለው የከሰል አለ፣ የነዳጅ በርሜል የተሸከመ አለ። ለዝገቱ የሸክላ ጡብ ፈጭቶ በብሩሽ ያራግፍበታል፤ ቁጥሩን ለብ ባለ ውኃ አርሶ በወረንጦ ያንሸራትታል። የትንንሽ ባቡር ሠሪዎች ማኅበር በየዓመቱ በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ትርኢት አለው፤ ዘንድሮ መሀለኛው ጠረጴዛ የተያዘው ለጆሮ ነው። አንድ ቀን ልጁ ደረጃው ላይ ለጎረቤት ስታወራ ሰምቷታል፦ «አባቴን ያቆመልኝ ያ ፉርጎ የሚሠራበት ጠረጴዛ ነው። እሱ የቀረ ቀን ግድግዳው መልሶ ይወስደዋል።» ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ። ግን እውነቷን እንደሆነ ያውቃል፤ ስለሚያውቅም ያንን ጠረጴዛ የሚነካበትን ሰው አይምርም።

ታዲያ ማን ነካበት?

ያን ማክሰኞ ሥራ ፈትቶ ይኸንን ሲያሰላ ዋለ። ነገሩ የአሥራ አንደኛው ብቻ አይደለም። የአምስተኛውን ቁጥር ሲለጥፍ አንዷ አሐዝ ተቀዳድዳበት አልነበር? አሁን በጣቱ ሲዳብሰው ሙሉ ነው። የስምንተኛው መንጠቆ አልንጠለጠል ብሎት ተሳድቦ አልነበር የተወው? አሁን «ጠቅ» ብሎ ይይዛል። ቤቱን የሚረግጡት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ እሱ፣ ልጁና ቁልፍ የተሰጠው ሰዓት ሠሪው። ልጁን አልጠረጠራትም። ሠላሳ አራት ዓመት ያገኘውን ሁሉ ሲጠረጥር የኖረ ሰው የገዛ ጓዳው ሲሆን ይደናቆራል። ደግሞስ እሷ ምን በወጣት? ቀኑን ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ስትሠራ ነው የምትውለው። ሐኪሙ ለክቶ ይልክላታል፣ እሷ ወርክሾፕ ቁጭ ብላ ትቀርጻለች፣ ትሞርዳለች። የአባቷንም ጥርስ ላይና ታች የሠራችለት እሷ ናት። ማታ ስትገባ ዓይኗ ቀልቶ፣ «አባዬ፣ እነዚህን መጫወቻዎችህን ሰብስብልኝ፣ እራት ላቅርብ» ከማለት በቀር ስለ ፉርጎ አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም።

ስለዚህ ሰዓት ሠሪው ጥርሱ ውስጥ ገባ። ጥርሱ ደግሞ ኩባያ ውስጥ ነበር፤ ምክንያቱም ጆሮ ሲሠራ ጥርሱን ያወልቃል። ትንፋሹ በጥርሱ መሀል እያፏጨ ጥቃቅኑን ቁራጭ ከጠረጴዛው ላይ ያበርበታል። ውኃ ያለበት ኩባያ ከማጣበቂያው ጎን ይቀመጣል፣ ጥርሱም እዚያ ውስጥ ሆኖ ሥራውን ሲታዘብ ይውላል።

ጆሮ ዝም ብሎ ሰው አይከስም፤ መጀመሪያ ማስረጃ ይሰበስባል። በጣቢያው ዕቃ የተጫነ ፉርጎ በሩ ይታሸግ ነበር። እሱም የፉርጎዎቹን ቁም ሣጥን በክር አሰረው፣ በሦስት ዙር ቋጠረው፣ ከላዩ የሻማ ሰም አንጠባጠበበት። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የተለመደውን የእግር ጉዞውን ሄደ። ሐሙስ ጠዋት ማሸጊያውን በጣቱ ዳበሰው። ሰሙ አለ፤ ክሩም አለ። ቋጠሮው ግን ሁለት ዙር ሆኗል።

ደሙ ፈላ። አሥራ አንደኛውን አውጥቶ ሆዱን ወደ ላይ ገልብጦ በአውራ ጣቱ ፈተሸው። ዘንጉ የሚገባበት ቀዳዳ አጠገብ ምስር የምታህል እብጠት አገኘ። እሱ እንደዚህ ያለ እብጠት አልሠራም። በሥራ ዘመኑ ስንጥቅ ሊደብቁ ቀለም የሚቀቡ ሰዎችን ያውቃል፤ ጥቁሩን ቀለም በጥፍሩ ፋቀው። መስኮት ላይ ወስዶ ወደ ብርሃኑ አዞረው። ከቀለሙ ሥር ሮዝ ወጣ።

ሮዝ!

«የጥፍር ቀለም ነው» አለ ወዲያው። እንዴት አወቀ? ሰዓት ሠሪው ብሎን እንዳይላላበት የሚስቱን ሮዝ የጥፍር ቀለም ጫፉ ላይ ጠብ ያደርግበታል፤ ሱቁ ሲቀመጥ ስንት ጊዜ አይቶታል። በቃ፣ እጅ ከፍንጅ። ነገሩም ሁሉ ግልጽ ሆነለት። ፉርጎዎቹን ቀስ እያለ የራሱ ያደርጋቸዋል፤ ከዚያ ትርኢቱ ላይ ሰው ሲያደንቅ ጎኑ ቆሞ፣ «እሱማ ምን ያውቃል፣ የኔ እጅ ነው» ሊል ነው። ሰው ለካ ሁለት ዓመት ብስኩት የሚያመላልሰው ወዶ አይደለም!

አሥር ሰዓት ላይ የሰዓት ሠሪው እርምጃ በደረጃው ተሰማ፤ ግራ እግሩን ትንሽ ይጎትታል። ገባ፣ ብስኩቱን አስቀመጠ፣ ኮቱን አወለቀ። ልጅቷ ሐሙስ ቀደም ብላ ስለምትገባ ጓዳ ሻይ እያፈላች ነበር።

«ወዳጄ፣» አለ ጆሮ፣ «ቤቴ መቼ መቼ ነው የምትመጣው?»

«ሐሙስ ሐሙስ ነዋ። ዛሬ ምን ሆነሃል?»

«ረቡዕስ?»

«ረቡዕ ሱቅ ነኝ።»

«እሺ፤ ይኸን ማን ሠራው?» ፉርጎውን ሆዱን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ ዷ አደረገው። «ዓይንህን ጨፍን ላሞኝህ ነው ነገሩ? እኔን? ስንጥቅ ብረት ያላታለለኝን ሰው? ቀዳዳዬን ደፍነህ፣ ጎማዬን ለውጠህ፣ ቁጥሬን አስተካክለህ... ምን በደልኩህ?»

ሰዓት ሠሪው ፉርጎውን አንስቶ የተፋቀውን ቦታ ተመለከተው። ቆይቶ ተመለከተው። ከዚያ ቀና ብሎ ከጆሮ ትከሻ በላይ ወደ ጓዳው በር አየ። ጆሮ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ስለነበር የሰማው ትሪ ላይ ብርጭቆ ከብርጭቆ ሲንቀጫቀጭ ብቻ ነው።

«እኔ ነኝ» አለ ሰዓት ሠሪው።

«ምን አልክ?»

«እኔ ነኝ አልኩህ። ትንሽ ጠመም ያለ መሰለኝና... አቃናሁት። ጥፋት ከሆነ ይቅርታ።»

ጆሮ ለክህደት ነበር የተዘጋጀው። ሁለት ቀን ሙሉ «ሲክድ እንዲህ እለዋለሁ» እያለ ንግግር ሲደረድር ነው የሰነበተው። ሰውየው ቶሎ ሲያምንበት ንግግሩ ሁሉ አፉ ውስጥ ቀረበት፣ የቀረው ንዴቱ ብቻ ሆነ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

«ሌባ!» አለ። «ሌባ እንኳን ዕቃ ነው የሚወስደው። አንተ እጄን ነው የሰረቅከኝ። ቁልፌን አስቀምጥና ውጣ!»

ሰዓት ሠሪው ቁልፉን ከቀለበቱ ለማውጣት ጊዜ ወሰደበት። ብረቱን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጠው ድምፅ እንዳያሰማ አድርጎ ነው ያስቀመጠው። ኮቱን ለበሰ። እርምጃው ደረጃውን ወረደ፤ ግራው ከወትሮው ይልቅ እየተጎተተ።

«አባዬ!» አለች ልጅቷ። ድምፅዋ ሌላ ነበር።

«አንቺ ዝም በይ! አንቺ እሱን አታውቂውም።»

ትሪውን ይዛ ተመለሰች። ጓዳ ሆና ውኃ ስትለቅ ሰማት፤ የሚታጠብ ዕቃ ግን አልነበረም።

አሥራ ሁለተኛውን ፉርጎ ጆሮ ብቻውን ሠራው። ሦስት ሳምንት ፈጀበት። በድሮ የብረት መሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ እየቆለፈበት፣ ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፤ አብሮት ይተኛል፣ አብሮት ይታጠባል። «ይኼኛው የማንም እጅ ያላረፈበት ነው» እያለ ለኩባያው ይነግረዋል። ጎማዎቹን ሲገጥም እያንዳንዱን በጥፍሩ እየመታ አዳመጠ፤ እንደ ደወል ነው የሚጮኹት። በጣም ኮራ።

ሐሙሶቹ ግን ከበዱት። የመጀመሪያው ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ ደረጃው ላይ ኮቴ በሰማ ቁጥር ወረንጦውን ያስቀምጥ ነበር፤ የላይኛው ፎቅ ሰዎች ናቸው። ብስኩቱ ከነመጠቅለያው ደረቀ፤ ልጅቷም አላነሣችው፣ እሱም አልነካው። ሁለተኛው ሐሙስ ላይ ማጣበቂያው እስኪደርቅ ብሎ ቁጭ አለ። ቆይቶ ነቃ ሲል ወንበሩ ወደ ግድግዳው ዞሯል። ማን አዞረው? ማንም አይደለም፤ ራሱ ነው። ፈራ። ብድግ ብሎ ወንበሩን መለሰና ሥራውን ቀጠለ። ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ይኸን ሁሉ ማየቷን አላወቀም።

ትርኢቱ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ልጅቷ ለግማሽ ቀን ሥራ ወጥታ ሳለ ባቡሩን ሊፈትነው ተነሣ። ሐዲዱን ጠረጴዛው ላይ ክብ አድርጎ ዘረጋው። ጥርሱን እንደ ልማዱ ኩባያ ውስጥ አደረገ። አሥራ አንዱን ፉርጎ አሰለፈ፤ ባቡሩ እየተወዛወዘ ሦስት ጊዜ ዞረ፣ አንድም ፉርጎ አልተነቃነቀበት። ከዚያ ሳጥኑን ከፍቶ አሥራ ሁለተኛውን አወጣና ጭራው ላይ አያያዘው።

የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ወደቀ።

«የእጄ ስህተት ነው፣ አላያያዝኩትም» ብሎ መልሶ አቆመው። ወደቀ። መሀል አስገባው፤ ሁለቱን ጎረቤቶቹን ይዞ ወደቀ። ከሞተሩ ቀጥሎ አደረገው፤ ባቡሩ እንዳለ ተጋደመ። ሐዲዱን በጣቱ ዳበሰው፤ ምንም የለበትም። ጎማውን በጥፍሩ መታው፤ ደወል ነው። ጤነኛ ነው! ታዲያ ማን ነካብኝ? ብሎ ቁልፉን ፈለገ። ቁልፉ አንገቱ ላይ ነው። ሳጥኑ አልተሰበረም። ሰዓት ሠሪው ሦስት ሳምንት ቤቱን አልረገጠም። ጥርጣሬው ዙሪያውን ሮጦ የሚይዘው ሰው ሲያጣ ተመልሶ ራሱ ጆሮ ላይ ቆመ።

ማንም ያልነካው ፉርጎ አንድ ብቻ ነው፤ የሚወድቀውም እሱ ብቻ ነው።

ጆሮ ቀስ ብሎ ቁጭ አለ። ፉርጎውን ገልብጦ በየዘንጉ ባሉት ሁለት ጎማዎች መሀል የአውራ ጣቱን ጥፍር አስገባ። የፊተኛው ላይ ጥፍሩ ሰተት ብሎ ገባ። የኋለኛው ላይ አልገባ አለ። ጎማዎቹ አንዱ ጋ ሰፍተዋል፣ አንዱ ጋ ጠበዋል፤ ይኼ ደግሞ በጆሮ የሚያዝ ሕመም አይደለም። በጆሮ የሚሰማው ስንጥቅ ነው፤ ስፋቱን የሚያየው ዓይን ነው። በሩን ዳበሰ፤ እጀታው ከላይ መሆን ሲገባው ከታች ነው። ተዘቅዝቆ ነው የተለጠፈው። ቁጥሩን መስኮት ላይ ወስዶ አፈጠጠበት። አፍጦ ባየው ቁጥር መሀሉ ጭጋግ ይሆናል፤ ወደ ጎን ሲያይ ብቻ ዳር ዳሩ ይታየዋል። ለካ ይኼ ጭጋግ የማጣበቂያው ጭስ አልነበረም። ለካ አምፖሉ አልነበረም የደከመው፤ ሦስት ጊዜ ያስለወጠው አምፖል!

ጥርሱን ሊነክስ ፈለገ፣ ጥርስ የለም። እጁን ወደ ኩባያው ሰዶ አወጣው። ውኃው እየተንጠባጠበ መዳፉ ላይ አስቀመጠው፤ የመስኮቱ ፀሐይ ቀጥታ አረፈበት። መስመሩን አያይም፣ ቀለም ግን ያያል። ድዱ ሮዝ ነው።

አሥራ አንደኛውን ፉርጎ አንስቶ የፋቀውን ሆዱን ከጥርሱ ጎን አደረገ። አንድ ናቸው።

ልጅቷ ዳቦ ይዛ ስትገባ እንደዚያው ተቀምጦ አገኘችው፤ በአንድ እጁ ፉርጎ፣ በሌላው ጥርሱን ይዞ። ዳቦውን ከእጇ ሳታወርድ ቀጥ አለች።

«ነይ፣ ቁጭ በይ።» ያለ ጥርስ ስለሚናገር ቃሉ ይንሸራተታል። «ስንቱን ነው?»

ልትዋሽ አሰበች፤ ትንፋሿን ሰምቶ አወቀ። ከዚያ ተወችው። «አሥራ አንዱንም፣ አባዬ። ጠዋት ጠዋት፣ አንተ ሳትነሣ።»

«የጣቢያ ልጅ ነሽ፤ ንገሪኝ እስቲ። ፉርጎ ሲታመም ምን ይደረጋል?»

«መስቀል ይሰመርበታል።»

«ከዚያስ?»

«ከመስመር ይወጣል።»

«ቀለም ተቀብቶ ይሄዳል?»

«አይሄድም።»

«ታዲያ እኔን ለምን ቀለም ቀብተሽ ላክሽኝ?»

ዳቦው ከእጇ ወደቀ። «ከመስመር የወጣህ ጊዜ አይቼሃለሁ፣ አባዬ!» አለች፤ ልቅሶና ንዴት ተቀላቅሎባት። «ስምንት ወር አይቼሃለሁ! በጀርባህ ነው የማውቅህ እኮ ያኔ። አንተስ ፉርጎህን የምትልክበት ጥገና ነበረህ። እኔ የት ልላክህ? እናቴንም ቀበርኩ፣ አንተንም ከነነፍስህ ግድግዳው ሥር ልቅበር?»

ጆሮ እጁን ዘርግቶ ጭንቅላቷን ፈለገና እንደ ልጅነቷ መሀል አናቷ ላይ አሳረፈው። ጣቶቿን አየ፤ ማለት ዳበሰ። ጫፋቸው ከሞረድ ብዛት ሻክሯል። ቀኑን ሙሉ የሰው ጥርስ ስትሞርድ ትውላለች፣ ደግሞ ገና ሳይነጋ ተነሥታ የሱን ጎማ ታስተካክላለች፤ «መጫወቻዎችህን ሰብስብ» የምትለውም እንዳይጠረጥር ነው።

«እሱስ?» አለ በመጨረሻ። «ያውቅ ነበር?»

«መጀመሪያ ያየው እሱ ነው። 'አባትሽ ጎማ እያጣመመ ነው፣ ለሱ እንዳትነግሪው፣ አንቺ እጅ አለሽ' ያለኝ እሱ ነው። ያን ሐሙስ ትሪውን ይዤ አንገቴን ነቀነቅኩለት፣ 'እባክህ አትንገረው' ብዬ። እንደዚያ ብሎ በራሱ ላይ እንደሚያደርገው እኔም አላሰብኩም ነበር። በማግስቱ ሱቁ ሄጄ ለምኜዋለሁ፤ 'ተይው፣ ጠረጴዛው ይኑርለት እንጂ እኔ ብቀርስ' ነው ያለኝ።»

ጆሮ ጥርሱን አጥልቆ ተነሣ።

«ወዴት ነው?»

«ሰኞ ዓይን ሐኪም ጋ እሄዳለሁ። ዛሬ ሌላ ጉዳይ አለኝ። ካርድና ወፍራም እስክርቢቶ ስጪኝ።»

ሱቁ ሲደርስ ሰዓት ሠሪው አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ የአንድ ሰዓት ሆድ ውስጥ አቀርቅሯል። ግድግዳው ሙሉ ሰዓት ነው፤ ሁሉም የየራሱን ይቆጥራል። ጆሮ በሩ ላይ ቆመ። ይቅርታ መጠየቅ ሳይማር ያረጀ ሰው ነው፤ መንገዱን ሙሉ ያሰናዳው ቃል ደጃፉ ላይ ጠፋበት።

«ቁልፍህን ረስተህ ሄድክ» አለ።

ሰዓት ሠሪው ቀና አላለም። «አንተ ነህ አስቀምጥ ያልከኝ።»

«ሌባ ብዬሃለሁ።»

«ብለኸኛል።»

«አልሰረቅክም።»

«እኔ ነኝ ብያለሁ፣ እኔ ነኝ። በቃ አለቀ።» ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ይኼ ሰው ግን ሞኝም አይደል፣ ውሸቱን እንደያዘ ነው።

ጆሮ አፉ ውስጥ ጣቱን ከቶ ጥርሱን አወለቀና ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው። ከጎኑ አሥራ አንደኛውን ፉርጎ ሆዱን ገልብጦ አኖረ። «መቼ ነው ጥርስ መሥራት የጀመርከው?» አለ፣ ቃሉ እየተንሸራተተ።

ሰዓት ሠሪው አየ። ጥርሱን አየ፣ ፉርጎውን አየ፣ ጓደኛውን አየ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ መጀመሪያ የሚያለቅስ መስሎ ነበር፣ ኋላ ግን ሳቁ አመለጠውና መነጽሩ ከዓይኑ ላይ ወደቀ። ጆሮም ጥርስ በሌለው አፉ ሳቀ። ሲበቃቸው ሁለቱም ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ለምን ዋሸኸኝ?»

«ወንበሩ እንዳይዞር» አለ ሰዓት ሠሪው።

ጆሮ አንገቱን ደፋ። ከኪሱ አሥራ ሁለተኛውን ፉርጎ አወጣ። ጣሪያው ላይ በጠመኔ ትልቅ መስቀል ተሰምሮበታል። ሰዓት ሠሪው ገና ከማየቱ የጎማው መጣመም ገባውና ሳያውቀው እጁን ወደ ትንሿ ፒንሳ ሰደደ።

«አትንካው!» አለ ጆሮ። «ትርኢቱ ላይ ከሐዲዱ ውጭ፣ ለብቻው ይቆማል። ባቡሩ በአሥራ አንድ ይዞራል። ይኸን ካርድ ደግሞ ከጎኑ አኖራለሁ። አንብብልኝ፤ ጽፌው ማንበብ አቅቶኛል።»

ሰዓት ሠሪው ካርዱን ወደ መብራቱ አስጠጋ። «'አሥራ አንዱን ያቃናችው ልጄ ናት። አሥራ ሁለተኛው የራሴ ነው።'»

«ጽሑፉስ? ቀጥ ብሏል?»

ሰዓት ሠሪው ዝም አለ። ሰዓቶቹ ብቻ ይቆጥራሉ። ጆሮ አዳመጠው፤ ይኼን ዝምታ ያውቀዋል፣ መዶሻው ካረፈ በኋላ ብረቱ እስኪመልስ ያለው ዝምታ ነው።

«ጠሟል» አለ ሰዓት ሠሪው። «ቁልቁል ወርዷል። የመጨረሻው ቃል ከካርዱ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።»

ጆሮ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ወደ ጓደኛው ገፋው።

«ሐሙስ አሥር ሰዓት» አለ። «ብስኩቱ ደርቋል፣ ሌላ አምጣ።»